ለሠርግ ባንድ ጊታር ኢኳላይዘር ፔዳል ስመርጥ፦ የደብረ ብርሃን የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር፣ ጾሙ ሲገባ

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ እስከ ገና ሠርግ የለም። ለእኛ ለደብረ ብርሃን የሠርግ ባንዶች ይህ ዕቃ የሚጠገንበት፣ አዲስ ዘፈን የሚጠናበት ጊዜ ነው። ድራመራችን የድራሙን ቆዳ እየቀየረ ነው። ኪቦርዲስታችን አዳዲስ ድምፆች ይመርጣል። እኔ ደግሞ ለጊታሬ ኢኳላይዘር ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ ማስተካከያ) መርጬ ለጥር ሠርግ ላደርስ ተነስቻለሁ። እየሠራሁ እዚህ እጽፋለሁ።

የምጽፈው በክፍለ ሀገር ጊታር ለሚጫወት ሰው ነው። እኛ ጋ ሱቅ ገብቶ ፔዳል እየረገጡ መምረጥ የለም። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያም ቢሆን የፈለግከው ዓይነት ላይገኝ ይችላል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ ከብዷል። ስለዚህ ምርጫው ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት በጆሮና በወረቀት ማለቅ አለበት።

ችግሬ ይህ ነው። ጊታሬ ብቻውን ሲሰማ ያምራል። ባንዱ ሙሉ ሲገባ ግን ይጠፋል። ድምፁን ስጨምር ይሰማል፣ ነገር ግን ሌላውን ይሸፍናል። የኪቦርዱ ግራ እጅና የእኔ ሪትም ተደራርበው ይጎረንናሉ። ባህላዊው ዙር ላይ ማሲንቆ ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ማሲንቆ የሚመታልን ጋሼ ባለፈው ዓመት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያንተ ጊታር ሲመጣ ማሲንቆዬ ትሰጥማለች። ቀንስልኝ አልልህም፣ ግን ቦታ ልቀቅላት።»

ይህ አባባላቸው ለሥራዬ መነሻ ሆኖኛል። ኢኳላይዘር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ድምፅን ከወፍራም እስከ ቀጭን በክፍል በክፍል ይለያል። ከዚያ አንዱን ክፍል ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ታደርጋለህ። እያንዳንዱ ክፍል ባንድ ይባላል። ቦታው በኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ)፣ ከፍታና ዝቅታው በዲሲቤል ይለካል። ስድስት ዲሲቤል ስትጨምር የሲግናሉ ቮልቴጅ እጥፍ ይሆናል። አሥራ አምስት ስትጨምር ከአምስት እጥፍ ያልፋል። በፔዳሉ ላይ ያለችው አጭር መንሸራተቻ ብዙ ጉልበት እንዳላት ከዚህ ይገባሃል።

ኅዳር፣ መቅዳት ስንጀምር

ፔዳል ከመፈለጌ በፊት ሕመሙ የት እንዳለ ልለይ ብዬ ጊታሬን በኮምፒውተር ቀዳሁት። ሃምበከር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ባለ ሁለት ጥቅል ክፍል) ያለው ጊታር ነው። ምንም ፔዳል ሳይገባበት፣ በሳውንድ ካርድ ቀጥታ። አንድ የትዝታ ሪትምና አንድ ፈጣን የሸዋ ምት ደጋግሜ መታሁ። ኪቦርዱን፣ ቤዙን፣ ድራሙንና ማሲንቆውንም ለየብቻቸው ቀዳን። የተጠቀምኩት ሪፐር የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ለ60 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

የማደኛው መንገድ ቀላል ነው። በፕሮግራሙ ኢኳላይዘር ላይ አንድ ጠባብ ባንድ ብዙ ከፍ ታደርጋለህ። ከዚያ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቀስ ብለህ ትጎትተዋለህ። ጆሮህን የሚያውክ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ራሱ ይነግርሃል። እዚያ ቁጥሩን ትጽፋለህ። ይህን ጊታሩ ብቻውን ሳለ አታድርገው። ባንዱ በሙሉ እየተጫወተ አድርገው። ብቻውን ሲሰማ የሚያምረው ወፍራም ድምፅ ባንድ ውስጥ ሲገባ ነው ጎርናና የሚሆነው።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ከኪቦርዱ ጋር እንጋጫለን። 400 አካባቢ ጊታሩ ሳጥን ሳጥን ይላል። ከ800 እስከ 1.6 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ከፍ ሳደርገው በባንዱ መሃል ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ድምፅ መጨመር እንኳ አያስፈልገውም። ግን ማሲንቆውም በእኛ ቅጂ ላይ ጎልቶ የሚሰማው እዚያው አካባቢ ነው። የጋሼ ቅሬታ ትክክል እንደነበር ማስረጃው ስክሪን ላይ ታየ። ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለው ደግሞ የድምፃዊቷ ነው። የግጥሙ ቃላት የሚለዩት እዚያ ስለሆነ ጊታሩ እዚያ ባይጫን ይሻላል።

ቁጥሮቹን ከጊታሩ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል። ክፍት የሆነው ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው። ቀጭኑ ክር 330 ነው። ቀጭኑን ክር 22ኛው ፍሬት ላይ ብትይዘው 1,175 ኸርዝ አካባቢ ነው። ማለትም በጊታር ላይ ያለ ኖታ ሁሉ መሠረቱ ከ1.2 ኪሎ ኸርዝ በታች ነው። ከዚያ በላይ የምንሰማው የኖታው ቅጥያ ድምፅና የፒኩ ምት ነው። ይህን ካወቅክ የፔዳል ማስታወቂያ ላይ ያለ ቁጥር አያስደነግጥህም።

ኅዳር መጨረሻ፣ ውርጩ ሲበረታ

ዛሬ የተነጋገርነው ፔዳሉ ሰንሰለቱ (የፔዳሎቹ ተራ) ውስጥ የት ይገባል በሚለው ላይ ነው። ይህ ከሞዴል ምርጫ በፊት መወሰን አለበት። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነጥብ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ኢኳላይዘሩን ከኦቨርድራይቩ (ድምፁን ከሚያሻክረው ፔዳል) በፊት ብታደርገው የሚለወጠው የሚሻክረው ክፍል ነው። ወፍራሙን ቀንሰህ መሃሉን ብታነሳ ኦቨርድራይቩ መሃሉን ይዞ ይጮኻል፣ ወፍራሙ ንጹሕ ይሆናል። ግን እዚህ ቦታ ላይ ሌቭሉን (የፔዳሉን ጠቅላላ የድምፅ መጠን) ብትጨምር ድምፅህ ብዙም አይጎላም። ሻካራነቱ ነው የሚጨምረው። ከኦቨርድራይቩ በኋላ ብታደርገው ግን የተሠራውን ድምፅ ይቀርጻል፣ ሌቭሉም በትክክል ድምፅ ይጨምራል። ለሶሎ ጎልቶ መውጣት የፈለገ ሰው እዚህ ነው ማድረግ ያለበት።

እኔ ከኦቨርድራይቩ በኋላ፣ ከዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ከሚደግመው ፔዳል) በፊት መርጫለሁ። ምክንያቴ ሥራዬ ነው። ሪትም በብዛት የምመታው በንጹሕ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ፔዳሉ የሚያስፈልገኝ ሁልጊዜ በርቶ ጊታሩን ቦታው ላይ ለማስቀመጥ ነው። ለሶሎ ብቻ የሚረገጥ ቢሆን ሌላ ነገር እመርጥ ነበር። እዚህ ላይ ራስህን ጠይቅ፦ ፔዳሉ ሁልጊዜ በርቶ የሚኖር ነው ወይስ አልፎ አልፎ የሚረገጥ? አንድ ተራ ኢኳላይዘር ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ አይሠራም። ሁለቱም ከፈለግክ ቅንብር በሜሞሪ የሚይዝ መፈለግ አለብህ።

ሌላው የእኛ አገር ሁኔታ ይህ ነው። ሠርግ ላይ ለጊታር አምፕ የሚቀርበው ከስንት አንዴ ነው። ከፔዳል ቀጥታ ወደ ሚክሰር፣ ከሚክሰር ወደ ሞንታርቦ ነው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ በፍጥነት ይወርዳል፤ የኦቨርድራይቩን ሻካራነት የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ሞንታርቦ ግን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ያወጣል። በአምፕ ላይ የጣመህ ድምፅ ሞንታርቦ ላይ የሚቧጥጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ 6 ኪሎ ኸርዝና ከዚያ በላይ ያለው ባንድ መጨመሪያ ሳይሆን መቀነሻ ነው።

ታኅሣሥ፣ ዕጩዎቹ

አሁን ወደ ፔዳሎቹ። ገበያ ላይ ስማቸው የሚነሳውን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አወጣሁ፣ ቁጥራቸውን ከላይ ካገኘሁት ሕመም ጋር አስተያየሁ።

ቦስ ጂኢ-7። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሰባት ባንድ አለው፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1.6 ኪሎ፣ 3.2 ኪሎ፣ 6.4 ኪሎ ኸርዝ። እያንዳንዱ 15 ዲሲቤል ይወጣል፣ 15 ይወርዳል። ሌቭል የሚባል ራሱን የቻለ መንሸራተቻ አለው። በ9 ቮልት ባትሪ ወይም አዳፕተር ይሠራል።

ኤምኤክስአር ባለ ስድስት ባንድ። ከ100 እስከ 3.2 ኪሎ ኸርዝ ከቦሱ ጋር አንድ ዓይነት ባንዶች አሉት። 18 ዲሲቤል ይወጣል፣ ይወርዳል። ሳጥኑ ጠንካራና ትንሽ ነው። ግን 6.4 የለውም። ሌቭልም የለውም። ወፍራሙን ስትቀንስ ጠቅላላ ድምፅህ ይወርዳል፣ እሱን የምትመልስበት ቦታ አይኖርህም። ለእኔ ሁለቱም ወሳኝ ናቸው። አምፕ ይዞ ለሚጫወት ሰው ግን ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል፤ የላይኛውን ስፒከሩ ራሱ ይሠራለታል።

ኤምኤክስአር ባለ አሥር ባንድ። ከ31 ኸርዝ እስከ 16 ኪሎ ኸርዝ ይሄዳል፣ 12 ዲሲቤል ይወጣል፣ ይወርዳል። ጌይንና ቮልዩም (የመግቢያና የመውጫ ድምፅ መጠን) አለው፣ ሁለት መውጫ አለው። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። አሥር ከሰባት ይበልጣል ብሎ መወሰን ግን አይቻልም። 31 ኸርዝ ከጊታር ወፍራም ክር በጣም በታች ነው። 62ም በታች ነው። 16 ኪሎ ደግሞ ጊታር ብዙም የሚናገርበት አይደለም። የማይነኩት መንሸራተቻዎች ገንዘብ ተከፍሎባቸዋል ማለት ነው። ለእሱ የሚቆም ክርክርም አለ። 31ና 62ን ብትቀንስ የመብራቱን 50 ኸርዝ እርግብግቢት (ከኤሌክትሪክ መስመር የሚገባውን «እምም» የሚል ድምፅ) ታለዝበዋለህ፤ 8ና 16 ኪሎን ብትቀንስ የሞንታርቦውን መቧጠጥ ትገታለህ። ወደ እሱ የሚያዘነብል ሰው ቢኖር አልቃወምም። እኔን የመለሰኝ ሌላ ነገር ነው፦ የሚሠራው በ18 ቮልት ነው። ሌሎቹ ፔዳሎቼ በሙሉ 9 ቮልት ናቸው። ሠርግ ላይ የእሱ አዳፕተር ቢጠፋ ከማንም መዋስ አልችልም።

የቦስ ኢኪው-200ና የሶርስ ኦዲዮው ኢኪው-2 ቅንብር በሜሞሪ ይይዛሉ። ለሪትም አንድ፣ ለሶሎ አንድ፣ ለባህላዊው ዙር አንድ ብለህ ማስቀመጥ ትችላለህ። በሥራ ደረጃ ለእኔ ሁኔታ የሚስማሙት እነሱ ነበሩ። ዋጋቸው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። በዚሁ አለፍኳቸው።

ፓራሜትሪክ የሚባሉትም አሉ። ባንዱን ራስህ ወደፈለግከው ቁጥር ታዞረዋለህ፣ ስፋቱንም ትመርጣለህ። እኔ የማደንኩት 250 ኸርዝ ላይ በትክክል ማረፍ ይችላሉ። ነገር ግን ቅንብራቸው በዓይን አይነበብም። ባለ መንሸራተቻውን ጨለማ መድረክ ላይ ጎንበስ ብለህ ብታየው የት እንዳለህ ትረዳለህ።

ታኅሣሥ፣ በኮምፒውተር ማስመሰል

ዛሬ የሠራሁት ነገር ለማንም የሚጠቅም ይመስለኛል። በሪፐር ኢኳላይዘር ላይ የእያንዳንዱን ፔዳል ባንዶች በቁጥራቸው አስቀመጥኩ። ስፋታቸውን አንድ ኦክቴቭ (ከአንድ ቁጥር እስከ እጥፉ) ገደማ አደረግሁ። ከዚያ የራሴን ቅጂ በእነዚያ ባንዶች ብቻ ለማስተካከል ሞከርኩ። ፔዳሉን ሳልገዛ ፔዳሉ ችግሬን ይፈታ እንደሆነ አየሁ ማለት ነው።

ዋናው ጭንቀቴ 250 ነበር። በባለ ሰባት ባንዱ ጂኢ-7 ላይ 250 የሚል የለም። ባንዶቹ ሰፊ ስለሆኑ ግን 200ን አምስት ዲሲቤል፣ 400ን ሦስት ዲሲቤል ብቀንስ መሃላቸው ላይ ያለውም አብሮ ይወርዳል። ከኪቦርዱ ጋር የነበረው ጉርምርምታ ጠፋ። ባለ አሥሩ ላይ 250 እራሱ አለ፣ ልዩነቱን ለመስማት ዓይኔን ጨፍኜ ኪቦርዲስታችን እንዲቀያይርልኝ አደረግሁ። ባንዱ እየተጫወተ መለየት አልቻልንም። ይህ ውጤት ነው ውሳኔዬን ያጸናው።

ሚክሰሩንም አስታወስኩ። ብዙዎቹ ትናንሽ ሚክሰሮች ለአንድ መስመር ሦስት ማዞሪያ አላቸው፦ ዝቅተኛው 80 ኸርዝ አካባቢ፣ መካከለኛው 2.5 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ከፍተኛው 12 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ። ብዙ ጊዜ ወፍራሙን ከሥሩ የሚቆርጥ ቁልፍም አላቸው። እና ልብ በል። ሚክሰሩ የሚነካው ጫፍና ጫፉንና 2.5 ኪሎን ነው። የእኔ ሕመም ያለው 200፣ 400፣ 800 ላይ ነው፤ እዚያ ሚክሰሩ ምንም የለውም። ባለ ሰባት ባንዱ የሚሸፍነው በትክክል ያንን ባዶ ቦታ ነው። ባለ አሥሩ ትርፍ የሚሰጠኝን ጫፎች ደግሞ ሚክሰሩ ላይ በነፃ አገኛቸዋለሁ።

ውሳኔው፦ ባለ ሰባት ባንድ፣ ሌቭል ያለው፣ 9 ቮልት። ጂኢ-7 ወይም በእሱ መልክ የተሠራ ሌላ።

ታኅሣሥ፣ ግዢ

ያገለገለ ጂኢ-7 አዲስ አበባ ካለ ሙዚቀኛ ተገኘ። ያገለገለ ኢኳላይዘር ስትገዛ የምታየውን ልጻፍ።

ጊታር ሰክተህ እያንዳንዱን መንሸራተቻ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለህ ውሰድ። የሚንኮሻኮሽ ካለ አቧራ ገብቶበታል። በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ምክንያት ይሆንሃል። አንዱ መንሸራተቻ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ካልተለወጠ ተበላሽቷል፣ ተወው። ሁሉንም መሃል ላይ አድርገህ ፔዳሉን አብራ፣ አጥፋ። ድምፁ እኩል መሆን አለበት። የባትሪውን ቤት ክፈት፤ ባትሪ ፈስሶበት አረንጓዴ ዝገት ካለ ሽቦዎቹን ተመልከት።

ስለ ሽሽታ፣ «ሽሽ» ስለሚለው ድምፅም ልናገር። 6.4ን እስከ ጫፍ ከፍ ብታደርግ ማንኛውም ኢኳላይዘር «ሽሽ» ይላል። ከፔዳሉ በፊት የመጣውን ሽሽታ ሁሉ አጉልተሃላ። ስለዚህ ስትፈትሽ በምትጠቀምበት ቅንብር ፈትሽ። እኔ በምፈልገው ቅንብር ላይኛው ባንድ ወደ ታች ስለሚወርድ ፔዳሉ ሲበራ ሽሽታው ይቀንሳል።

ከአሜሪካ ዘመድ ፔዳል ለሚያስመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ደኅና ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እኛ 220 ላይ ስትሰካው ይቃጠላል። ሶኬት መቀየሪያ ማድረግ ቮልቴጁን አይለውጠውም። ፔዳሉን ብቻ አስመጣ፣ አዳፕተሩን እዚህ ግዛ።

ገና ሰሞን፣ መብራት

መብራት መሄዱ የታወቀ ነው፤ ሠርግ ላይ ጄነሬተር እስኪነሳ ያለችው ደቂቃ ታስጨንቃለች። ባትሪ ብቻ ተማምኖ መቀመጥም አይሆንም። የእኛ ብርድ ባትሪን ያደክማል። ውርጭ በወረደበት ማታ መኪና ውስጥ ያደረ የ9 ቮልት ባትሪ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚነሳው። ሌላም አለ፤ የጊታሩ ገመድ ፔዳሉ መግቢያ ላይ እንደተሰካ ከቆየ ባትሪው ፔዳሉ ቢጠፋም ያልቃል። ሥራ ስትጨርስ ገመዱን ንቀል።

የሠራሁት መፍትሔ ይህ ነው። መብራት ሲሄድ የዋይፋይ ሞደም ለማስነሳት የሚሸጠውን፣ ከፓወር ባንክ 9 ቮልት የሚያወጣ ገመድ ገዛሁ። መሰኪያው ፔዳሉ ላይ በትክክል ይገባል። ግን እንደገዛኸው አትሰካው! የሞደም ገመድ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። የአብዛኛው የጊታር ፔዳል መሃሉ ኔጋቲቭ ነው። ገመዱን መሃል ላይ ቆርጬ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ፣ በካውያ በየድኩ፣ በቴፕ ለየብቻ ጠቀለልኩ። ከዚያ በቴስተር ለካሁት፦ ቀዩን መሃሉ ላይ፣ ጥቁሩን ውጪው ላይ። ቴስተሩ ከ9 ፊት የመቀነስ ምልክት ካሳየ ለፔዳል ሆኗል። ገመዱ ላይ በቀይ ቀለም «ለፔዳል ብቻ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማንም ሰው ሞደም ላይ እንዳይሰካው።

ሙከራው ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ገመድ 5 ቮልቱን ወደ 9 ሲያነሳው ቀጭን ፉጨት ሊያመጣ ይችላል። ለአንድ ፔዳል ብቻ ስጠቀምበት አልሰማሁትም። ዲሌዩንም ከሱ ጋር ሳገናኝ ግን ተሰማ። ስለዚህ አንድ ገመድ ለአንድ ፔዳል።

ጥር መግቢያ፣ ከባንዱ ጋር

ቤት ውስጥ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ያዘጋጀሁትን ቅንብር ወደ ልምምድ ቤት ይዤ ሄድኩ። ድምፁ ሲጨምር መልኩ ይለወጣል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. አሳይተውታል። ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ወፍራሙንና በጣም ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል። ድምፁ ሲጎላ ግን ሁሉም እኩል ወደ መሆን ይጠጋል። ድምፅ ዝቅ አድርገህ ስትጫወት ወፍራሙን የምትጨምረው ለዚህ ነው፣ መድረክ ላይ ያ ሁሉ ጭማሪ ጎርፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የመጨረሻውን ቅንብር በሥራው ድምፅ መጠን፣ ባንዱ እየተጫወተ አስተካክል።

በልምምዱ የወጣው ይህ ነው፦ 100 ላይ አራት ዝቅ። 200 ላይ አምስት ዝቅ። 400 ላይ ሦስት ዝቅ። 800 ላይ ሦስት ከፍ። 1.6 ላይ ሁለት ከፍ። 3.2 ላይ ሁለት ዝቅ፣ ለድምፃዊቷ። 6.4 ላይ አሥር ዝቅ፣ ለሞንታርቦው። ሌቭል ሁለት ከፍ፣ የቀነስኩትን ለመመለስ።

አብዛኛው መቀነስ እንደሆነ ልብ በሉ። ጊታሩ የጠራው ከጨመርኩት ይልቅ በቀነስኩት ነው። ኪቦርዲስታችን በመጀመሪያው ዘፈን መሃል ቀና ብሎ «አሁን ሰማሁህ» አለኝ። ድምፄ ግን ከበፊቱ ዝቅ ያለ ነበር።

ከዚያ ባህላዊው ዙር መጣ። ጋሼ ማሲንቆአቸውን ቃኝተው ገቡ። ጎንበስ ብዬ 800ንና 1.6ን ከመሃል በታች አወረድኳቸው፣ ሌላውን አልነካሁም። ማሲንቆው ከፊት ወጣ፣ ጊታሩ ከኋላ ምቱን ይዞ ቀረ። ሲጨርሱ «ይኸውልህ፣ ቦታዋን አገኘች» አሉኝ። ከሁሉም ያስደሰተኝ ይህ ነው። የሸዋ እስክስታ ላይ ማሲንቆው ካልተሰማ ትከሻው ከየት ይነሳል?

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

የመጀመሪያው ሠርግ ሸዋ ሮቢት ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስተህ፣ በጣርማበር ዋሻ አልፈህ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ቆላው ስትወርድ አየሩ ሌላ ነው። ክሮቹ ሙቀቱ ሲነካቸው ላልተው ቃናቸው ይወርዳል። ደርሰህ ወዲያው አትቃኝ፣ ጊታሩ አየሩን ይልመድ።

ሠርጉ ድንኳን ውስጥ ነበር። ልምምድ ቤታችን የብሎኬት ግድግዳ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል። ድንኳን ግን አይመልሰውም። ስለዚህ 100ንና 200ን ሁለት ሁለት ዲሲቤል መለስኳቸው። 6.4ን አልነካሁም። ሳውንድ ማኑን የጊታሩን መስመር ሦስቱንም ማዞሪያ መሃል ላይ እንዲተውልኝ፣ ወፍራሙን የሚቆርጠውን ቁልፍ ብቻ እንዲጫን ለመንኩት። ሁለት ሰው በአንድ ድምፅ ላይ በየፊናው ቢያስተካክል መጨረሻው አይታወቅም።

መብራት ሄደ፣ በምሳ ሰዓት። ፓወር ባንኩ ፔዳሉን ይዞ ቆየ። ጄነሬተሩ ሲነሳ ድምፃችን እንደነበረ ቀጠለ። ጄነሬተሩ እርግብግቢት ይዞ መጥቶ ነበር፤ 100ን ሦስት ዲሲቤል ስቀንሰው ለዘበ። መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከአዳፕተር የሚወጣው እርግብግቢት ብዙ ጊዜ እጥፉ ላይ፣ 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። የፔዳሉ የመጀመሪያ መንሸራተቻ እዚያው ላይ ማረፉ ጠቀመኝ።

አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መንሸራተቻዎቹ በጫማ እንዳይነኩ ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ እቆርጥላቸዋለሁ፣ 800ና 1.6 ግን ክፍት ይሆናሉ። ሁለተኛው ቤዚስታችን ነው። የእኔን ሰምቶ እሱም ባለ ሰባት ባንድ ልገዛ ነው አለ። የእኔን ዓይነት እንዳይገዛ ነግሬዋለሁ። የቤዝ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነው፣ የእኔ ፔዳል ደግሞ ከ100 ነው የሚጀምረው። ቦስ ለቤዝ ብሎ የሠራው ጂኢቢ-7 ከ50 ኸርዝ ይነሳል፤ 120፣ 400፣ 500፣ 800፣ 4.5 ኪሎና 10 ኪሎ አለው። ለእሱ የሚሆነው ያ ይመስለኛል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ይቀዳና ሕመሙ ይለያል። ሰኞ ከሥራ መልስ ሳውንድ ካርዱን ይዤ እሱ ቤት እሄዳለሁ።